አሮጌ ሞተርሆም፦ ኮንቨርተሩ ይቆይ ወይስ ቻርጀር ይግባ? ለሰሜን ሸዋ መንገድ የሚሆን ንጽጽር

አሮጌ ሞተርሆም (አልጋና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ይዘው ወደ ደብረ ብርሃን ከሚመጡ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አንድ ነው፤ «ባትሪው ቻርጅ አይዝም።» አዲስ ባትሪ ገዝተው ያስገጥማሉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ቅሬታ ይመለሳል። ባትሪ ደግሞ ዛሬ ርካሽ ዕቃ አይደለም። ያ ሁሉ ገንዘብ ሲባክን ማየት ያሳዝነኛል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው አይደለምና። ጥፋቱ ባትሪውን የሚሞላው ሳጥን ነው።

ይህን የምጽፈው ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ሞተርሆም ለገዛ፣ ከአውሮፓ በየብስ ተነድቶ የመጣ መኪና እጁ ለገባ፣ ወይም ኮስተርና ሚኒባስ አስፈትቶ አልጋና ማብሰያ ላስገጠመ ሰው ነው። አብዛኞቹ ቤተሰብ ወይም እንግዳ ይዘው ወደ ጓሳ፣ ወደ አንኮበር፣ ወደ መንዝ ይወጣሉ። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። በዚህ አካባቢ ለሚንቀሳቀስ ሰው አሮጌውን ኮንቨርተር ማስታመም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። መጀመሪያ መኪናው እየሄደ የሚሞላበትን መንገድ አስተካክሉ። ቀጥሎ ፀሐይ። የ220 ቮልት ቻርጀር ሦስተኛ ነው። ለምን እንዲህ እንደምል ከታች ታገኙታላችሁ።

ሳጥኖቹን እንለያቸው

ሞተርሆም ውስጥ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ አለ። አንዱ ከባትሪ የሚመጣው 12 ቮልት ነው። መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ቬንትሌተሩ በዚህ ይሠራሉ። ሌላው ከግድግዳ ሶኬት ወይም ከጄኔሬተር የሚመጣው ነው።

ኮንቨርተር ከሶኬት የመጣውን ወደ 12 ቮልት ይለውጣል። በዋናነት የተሠራው መኪናው ቆሞ ሶኬት ላይ ሲሰካ መብራቱና ፓምፑ እንዲሠሩ ነው። በአሮጌዎቹ ላይ ባትሪ መሙላት በጎን የተጨመረ ሥራ ነው። ቻርጀር ግን ዋና ሥራው ባትሪው ነው። ባትሪው ምን ያህል እንደጎደለ እያየ ቮልቱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ኢንቨርተር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ከባትሪው 12 ቮልት ወስዶ 220 ያወጣል፤ ባትሪ ይጨርሳል እንጂ አይሞላም። ኢንቨርተርና ቻርጀር በአንድ ሳጥን የያዘም አለ፤ እሱን ወደ ኋላ አነሳዋለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ «ኮንቨርተር አለ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። ኢንቨርተር ይሰጧችኋል፣ ወይም ትንሽ የጉዞ ትራንስፎርመር። የምትፈልጉትን ሥራ ተናገሩ፦ «ከ220 ወስዶ 12 ቮልት ባትሪ የሚሞላ፣ ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ።»

መኪናው የየት አገር ነው?

ከሁሉ በፊት ኮንቨርተሩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ በስልክ መብራት አንብቡ። ብዙ ጊዜ ከአልጋ ሥር ወይም ከቁም ሳጥኑ በታች ነው የሚገኘው።

የአውሮፓ መኪና ከሆነ 230 ቮልት፣ 50 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር) ይላል። የኛ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ይሠራል። ይህን ክፍል ዘላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

የአሜሪካ ከሆነ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። ጣጣው እዚህ ይጀምራል። በቀጥታ 220 ላይ መሰካት አደጋ ነው። ማሞቂያ ያለው ዕቃ ሁሉ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። 300 ዋት የነበረ የፍሪጅ ማሞቂያ ወደ 1,000 ዋት ይጠጋል። ሌላው ዕቃ ደግሞ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል።

ስለዚህ ሰው ሁሉ ትራንስፎርመር ይገዛል። 220ውን ወደ 110 ያወርድና «ተፈታ» ይላል። ግን ትራንስፎርመር ቮልት ነው የሚያወርደው። ኸርዙን አይነካም። ከመስመር 50 ሆኖ የገባው 50 ሆኖ ይወጣል። ይህ ለአንዳንዱ ኮንቨርተር ምንም አይደለም፤ ለሌላው ግን ሞት ነው።

አሮጌ የአሜሪካ ኮንቨርተሮች በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ከባዱ ነው። ውስጡ ትልቅ የብረት ትራንስፎርመርና ወፍራም ካፓሲተር አለ። ሲሠራ ያጉረመርማል፣ ይሞቃል። ፌሮሬዞናንት ይባላል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር) በተሠሩ መኪኖች ውስጥ የገባው የማግኔቴክ 6300 ተከታታይ ከዚህ ወገን ነው። ይህ ዓይነቱ ቮልቱን የሚጠብቀው በኤሌክትሮኒክስ አይደለም፤ ለ60 ኸርዝ ተስተካክሎ በተሠራ ጥቅልና ካፓሲተር ነው። 50 ኸርዝ ሲሰጡት ቅንብሩ ይዛባል። ቮልቱ ቢያንስ ኸርዙ በወረደበት መጠን ይወርዳል ብላችሁ አስሉት። 13.8 የነበረው 11.5 ገደማ ይሆናል። 11.5 ቮልት ደግሞ የሞላ ባትሪ ራሱ ከሚይዘው 12.7 በታች ነው። እንዴት ነው ታዲያ የሚሞላው? መብራቱ ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ሰውየው «ይሠራል» ይላል፤ ባትሪው ግን አንድ ጠብታ አይገባለትም።

ይህን ችግር በአካል ያየ ሰው ቶሎ አይረሳውም። ሰዎች ትራንስፎርመሩን በሌላ ትራንስፎርመር ይቀይራሉ፣ ባትሪ ይቀይራሉ፣ ሽቦ ይቀይራሉ። የተጻፈውን 60 ግን ማንም አያየውም።

ሁለተኛው ወገን ቀላሉ ነው። ቬንትሌተር አለው፣ ውስጡ ኤሌክትሮኒክስ ነው፣ በአንድ እጅ ይነሳል። እንዲህ ያለው ኸርዙ ብዙም አይገደውም፤ ብዙዎቹ ላይ ከ47 እስከ 63 ወይም 50/60 ተብሎ ተጽፏል። በትራንስፎርመር ይሠራል። ችግሩ ሌላ ነው። አብዛኞቹ ቢያንስ 105 ቮልት ይፈልጋሉ። የኛ መስመር ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ወደ 200 ከወረደ፣ ትራንስፎርመሩ የሚያወጣው 100 ብቻ ነው። ኮንቨርተሩ ይጠፋል ወይም ይበራል ይጠፋል። የትራንስፎርመሩንም መጠን አትናቁ። 60 አምፒር የሚሰጥ ኮንቨርተር ከመስመር 1,000 ዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ 500 ዋት የሚል ትራንስፎርመር ሊሸጥላችሁ የሚሞክር ሰው ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

የ13.8 ቮልት ጉዳይ

ኮንቨርተሩ የሚሠራ ቢሆንም ጥያቄው አላበቃም። አሮጌዎቹ ቀንም ሌሊትም አንድ ቮልት ነው የሚሰጡት፤ 13.6 ወይም 13.8 አካባቢ። የተሟላ ቻርጀር ግን በሦስት ደረጃ ይሠራል። መጀመሪያ ያለውን አምፒር ሁሉ ይሰጣል። ባትሪው 14.4 አካባቢ ሲደርስ ቮልቱን እዚያው ይዞ አምፒሩ ቀስ በቀስ እስኪወርድ ይጠብቃል፤ ይህ ማጥገቢያ ነው። መጨረሻ ወደ 13.5 ገደማ ወርዶ የሞላውን ይጠብቃል።

የአሜሪካው ፕሮግረሲቭ ዳይናሚክስ በራሱ ኮንቨርተር ላይ ያሳተመው ሙከራ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እስከ 10.5 ቮልት የወረደ 125 አምፒር ሰዓት (የባትሪ የመያዝ አቅም መለኪያ) ባትሪ ወሰዱ። በ14.4 ቮልት በ3 ሰዓት ገደማ 90 በመቶ ደረሰ፤ በ11 ሰዓት ሞላ። በ13.6 ቮልት 90 በመቶ ለመድረስ 40 ሰዓት፣ ለመሙላት 78 ሰዓት ወሰደ። ሳጥኑ ያው ነው፣ ባትሪው ያው ነው። የተለየው ቮልቱ ብቻ ነው።

አሁን አስቡት። ደብረ ብርሃን ወይም ደብረ ሲና አንድ ሆቴል ግቢ ገብታችሁ ማታ ትሰካላችሁ፤ ጠዋት ትነቅላላችሁ። አሥር፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በ13.6 ቮልት ግማሽ መንገድ ላይ ትነሳላችሁ። በማግስቱም እንዲሁ። ሁልጊዜ ሳይሞላ የሚያድር የአሲድ ባትሪ ውስጡ ነጭ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ በጊዜ ካልተሞላ ይጠነክርና አይለቅም። «ባትሪው ቻርጅ አይዝም» የሚባለው ያኔ ነው።

አሜሪካ ውስጥ አሮጌው ኮንቨርተር ለብዙ ሰው የሚያገለግለው ሞተርሆሙ ሳምንት ሙሉ ካምፕ ውስጥ ተሰክቶ ስለሚቆም ነው። 78 ሰዓት እዚያ አለ። ጓሳ ላይ ግን የምትሰኩበት የለም።

ደጋና ቆላ በአንድ ቀን

ስለዚህ ነገር የሚናገር ሰው ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ለሰሜን ሸዋ መንገደኛ ከሁሉ በላይ ይኸኛው አሳሳቢ ይመስለኛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። ከዚያ ጣርማበርን አልፋችሁ በዋሻው ወጥታችሁ ቁልቁል ስትወርዱ፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ትደርሳላችሁ። እዚያ ቀን ከ30 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።

የአሲድ ባትሪ ሲቀዘቅዝ ለመሙላት ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። ሲሞቅ ዝቅ ያለ። ልኩ ለ12 ቮልት ባትሪ በየአንዱ ዲግሪ 0.024 ቮልት ገደማ ነው፤ መነሻው 25 ዲግሪ። ስለዚህ በ25 ዲግሪ 14.4 የሚበቃው ባትሪ በደብረ ብርሃን ብርድ፣ 5 ዲግሪ ላይ፣ 14.9 አካባቢ ይፈልጋል። ሸዋ ሮቢት በ35 ዲግሪ 14.15 ይበቃዋል።

አሮጌው ኮንቨርተር ሁለቱም ቦታ 13.8 ነው። ደጋ ላይ ያ 13.8 በተለመደው ሙቀት 13.3 እንደመስጠት ይቆጠራል። ባትሪውን ለመሙላት አይበቃም። ቆላ ወርዶ ቀናት ተሰክቶ ከቆመ ደግሞ ውሃውን ያደርቀዋል። ብርዱ በራሱም የባትሪውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ 100 አምፒር ሰዓት የተባለው 80 ገደማ ብቻ ይሰጣል።

ስለዚህ ቻርጀር ስትመርጡ ከባትሪው ጎን የሚለጠፍ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለውን ምረጡ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ትርፍ ነገር ያየዋል። አዲስ አበባ ብቻ ለሚውል ሰው ምናልባት ትርፍ ነው። በዚህ መንገድ ለሚወጣና ለሚወርድ ግን የባትሪ ዕድሜ ነው። ባትሪው የሚቀመጠው ከመኪናው ውጭ ባለ ሳጥን ከሆነ ደግሞ ግድ ነው።

አማራጮቹ ጎን ለጎን

አሮጌውን ኮንቨርተር በትራንስፎርመር ማሠራት። ቀላሉ ዓይነት ከሆነና መኪናው ብዙውን ጊዜ ግቢ ውስጥ ተሰክቶ የሚቆም ከሆነ ይሄዳል። ወጪው ትራንስፎርመሩ ብቻ ነው። ከባዱ የ60 ኸርዝ ዓይነት ከሆነ ግን ተዉት። ሌላም ነገር አለ። በጣም አሮጌዎቹ ለመብራቱ ብዙ አምፒር ይሰጣሉ፤ ለባትሪው ግን በጎን ባለ ቀጭን መስመር ጥቂት አምፒር ብቻ ይለቃሉ። የሚሰጡት ኤሌክትሪክም የተጣራ አይደለም፤ ኤልኢዲ አምፖል ብልጭ ድርግም ያደርጋል፣ አዳዲስ ዕቃ ያበላሻል።

በአዲስ ባለሦስት ደረጃ የአሜሪካ ኮንቨርተር መቀየር። ልኩ የተሠራ ስለሆነ የድሮው ቦታ ላይ ገብቶ ቁጭ ይላል፤ የፊውዝ ሰሌዳው አይነካም። ቆንጆ ሥራ ነው። ግን ዕቃውን ከውጭ ማስመጣት አለባችሁ፤ ካመጣችሁም በኋላ በትራንስፎርመር ነው የምትኖሩት። የመኪናው ማይክሮዌቭና ማቀዝቀዣ 120 ስለሆኑ ትራንስፎርመሩ የግድ ነው የምትሉ ከሆነ ትርጉም አለው። ያለዚያ አልመክርም።

የ220 ቮልት ቻርጀር ለብቻው ማስገባት። ከሶኬት ለመሙላት ከሆነ እኔ ለአብዛኛው ሰው የምመርጠው ይህን ነው። አሮጌው ኮንቨርተር ከባትሪው ይነቀላል። የ12 ቮልት ፊውዝ ሰሌዳው እንዳለ ይቆይና ከባትሪው ይመገባል። ቻርጀሩ ባትሪው ላይ በቀጥታ ይታሰራል። የአሜሪካውን የ120 ቮልት ሰሌዳ በ220 አትመግቡት፤ ለቻርጀሩ አዲስ መስመር ዘርጉለት፣ የራሱ ብሬከርና 30 ሚሊአምፒር የሰው መከላከያ (ኤሌክትሪክ ሰው ሲይዝ የሚያቋርጥ) ያለው። መልካም ቻርጀር ከ180 እስከ 260 ቮልት ድረስ ይቀበላል። ያ ለኛ ምሽት ወሳኝ ነው።

መጠኑን ከባትሪው አውጡ። ለአሲድ ባትሪ የአምፒር ሰዓቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ጥሩ ነው። 200 አምፒር ሰዓት ካላችሁ ከ20 እስከ 40 አምፒር ቻርጀር። 30 አምፒር የሚሰጥ ቻርጀር ከመስመር 500 ዋት ገደማ ነው የሚስበው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚስበው ሰባተኛ ያህል። ግቢያቸው ውስጥ እንድትሰኩ የፈቀዱላችሁ እማማ ቆጣሪው እንዳይፈጥንባቸው ቢሰጉ ይህን ንገሯቸው።

ኢንቨርተርና ቻርጀር በአንድ ላይ። መብራት ሲሄድ ለቤት የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ በየከተማው ይገኛል። 220 የሚፈልግ ዕቃ፣ ለምሳሌ ላፕቶፕ ወይም የካሜራ ቻርጀር፣ ላለው ያጓጓል። ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ምንም ሳይሠራ በርቶ ሲቆም ስንት ይበላል? አንዳንዱ ከባትሪው ከ1 እስከ 2 አምፒር ይጠጣል፤ በ24 ሰዓት እስከ 48 አምፒር ሰዓት ማለት ነው። ከ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ላይ ግማሹን ለከንቱ። ሁለተኛ፣ የሚሞላበትን አምፒርና የባትሪ ዓይነት መቀየር ይቻላል? ለትልቅ ባትሪ ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ትንሿን ባትሪ ያፈላታል። እንግዳ የሚጭን ትልቅ መኪና ላለው ካልሆነ ለትንሽ ቤተሰብ መኪና አይመቸኝም።

ባትሪውን ፈትቶ ጋራዥ ማስሞላት። ለአንድ ቀን ችግር ይሆናል። ግን ብዙዎቹ የጋራዥ ቻርጀሮች የሚቆጣጠራቸው ሰው ብቻ ነው። ሰውየው ምሳ ከሄደ ባትሪው ይፈላል። ደረቅ ባትሪ ከሆነ ጭራሽ አትስጡ።

እየሄዱ መሙላት

ሞተሩ ላይ ያለው ዲናሞ በዚህ አገር ከሁሉም የታመነ ጄኔሬተራችሁ ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል በ30 አምፒር ብትሞሉ 75 አምፒር ሰዓት ገባ ማለት ነው። ያ ለብዙ ሰው ከአንድ ቀን ፍጆታ በላይ ነው። ይህን ትቶ ስለ ሶኬት ማሰብ ለምን?

ችግሩ አሮጌዎቹ መኪኖች ዲናሞውን ከቤቱ ባትሪ (መብራቱንና ፓምፑን ከሚመግበው) ጋር የሚያገናኙት በአንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) እና በቀጭን ሽቦ መሆኑ ነው። ሽቦው ርዝመት አለው፤ ከሞተር እስከ ኋላ። ሄዶ መመለሻው 10 ሜትር የሆነ 6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ በ30 አምፒር 0.9 ቮልት ገደማ ይበላል። ዲናሞው 14.2 ቢሰጥ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.3 ነው። እዚያው የኮንቨርተሩ በሽታ ውስጥ ገባን። በ16 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ የሚጠፋው ወደ 0.3 ይወርዳል።

ሽቦ ከማወፈር የሚሻለው በመሃል ከ12 ወደ 12 የሚሞላ ቻርጀር ማስገባት ነው። የደረሰውን 13.3 ተቀብሎ 14.4 አድርጎ ያወጣል፣ ደረጃውንም ይጠብቃል። መኪናው ሲጠፋ ይለያያል፤ የሞተሪኖው ባትሪ አይነካም። ግን አትስገብገቡ። የአሮጌ መኪና ዲናሞ 60 ወይም 70 አምፒር ሊሆን ይችላል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር በዝቅተኛ ማርሽ ስትወጡ ሞተሩ ይሞቃል፣ ነፋስ የለም፣ ፊት መብራቱ በርቷል። እንዲህ ላለ ዲናሞ 20 አምፒር፣ ቢበዛ 30 በቂ ነው።

በገንዘብ የተወሰነ ሰው አንድ ነገር ብቻ ግዛ ቢባል እኔ ይህን ግዙ እላለሁ። ከ220 ቻርጀሩም በፊት።

ፀሐይ

ስለ ፀሐይ አጭር እላለሁ፤ ነገሩ ግልጽ ነውና። በበጋ አንድ 100 ዋት ፓኔል በደጋው ፀሐይ በቀን ከ25 እስከ 30 አምፒር ሰዓት ይሰጣል። በሐምሌና በነሐሴ ከዚያ ግማሹን ብትጠብቁ ይሻላል። ሁለት ፓኔል ለመብራት፣ ለስልክና ለፓምፕ ይበቃል። ጓሳ ላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ሁለት ቀን ቆማችሁ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ስትጠብቁ የሚያቆያችሁ እሱ ነው። በፓኔሉና በባትሪው መካከል የሚገባው መቆጣጠሪያ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ በብርድ ቀን የፓኔሉ ቮልት ከፍ ስለሚል የሚተርፈውን ወደ አምፒር ይለውጠዋል።

የፍሪጁን ነገር ግን ልብ በሉ። በጋዝ የሚሠራው የሞተርሆም ፍሪጅ ከ1,700 ሜትር ገደማ በላይ እሳቱ ያስቸግራል፤ አየሩ ይሳሳበታል። ሰው ታዲያ ማታ ወደ 12 ቮልት ይቀይረዋል። ያ ፍሪጅ በ12 ቮልት ከ10 እስከ 14 አምፒር ይጠጣል። 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሳይነጋ ያልቃል። «ቻርጀሩ አይሠራም» ተብለው ከመጡ መኪኖች ውስጥ ጥፋቱ ይኸው የሆነ አለ። በ12 ቮልት አሠሩት መኪናው ሲሄድ ብቻ። ደግሞ ደብረ ብርሃን በኅዳር ሌሊት ፍሪጅ ማን ይፈልጋል?

ጄኔሬተርና ሊቲየም

ጄኔሬተር ያላችሁ ሰዎች ከፍታውን ቁጠሩ። በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበት ይጎድላል። ደብረ ብርሃን ላይ ሩብ ያህል ጠፍቷል፣ ጓሳ ላይ ሲሶ። 1,000 ዋት የተባለችው ትንሿ ጄኔሬተር ጓሳ ላይ 650 ብትሰጥ ነው። 30 አምፒር ቻርጀር ትችላለች፤ 60 አምፒር ኮንቨርተር አትችልም።

ሊቲየም ባትሪ የሚያስቡ ደግሞ እየበዙ ነው። ጥሩ ባትሪ ነው፣ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይሞላል። ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ይጎዳል። ውርጭ የሚጥልበት ሌሊት ፀሐይ ስትወጣ ፓኔሉ ወዲያው መሙላት ይጀምራል። ስለዚህ በብርድ ራሱ የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያለው ባትሪ ካልሆነ አትግዙ፤ ባትሪውንም መኪናው ውስጥ አስቀምጡት። በሪሌ ብቻ ከዲናሞ ጋር አታገናኙት፤ ያለ ልክ ስቦ ዲናሞውን ያቃጥለዋል። ቻርጀሩም የሊቲየም ምርጫ ይኑረው። አሮጌው ኮንቨርተር ለዚህ ጭራሽ አልተሠራም።

ሳትገዙ በፊት

አንድ ቴስተር ያዙ። መኪናው ከምንም ተነቅሎ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ባትሪውን ለኩ። 12.7 አካባቢ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። 12 ከሆነ ሩብ ቀርቷል። ከዚያ ሰክታችሁ እዚያው ባትሪው ጫፍ ላይ ለኩ። ቁጥሩ ካልተነሳ ኮንቨርተሩን ከመፍረዳችሁ በፊት ፊውዞቹን እዩ። ብዙዎቹ የአሜሪካ ኮንቨርተሮች ባትሪ በተገላቢጦሽ ሲታሰር የሚቃጠሉ ሁለት ፊውዞች አሏቸው። ባትሪ ያሰረላችሁ ሰው ለአንድ ሰከንድ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን ካቀያየረ እነሱ ሄደዋል። ዋጋቸው ከሁሉም ያነሰ ነው።

ማንኛውንም ቻርጀር ስታስገቡ ፊውዙ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ይሁን፤ ሳጥኑ አጠገብ አይደለም። ሽቦው ቢቀደድ እሳት የሚመጣው ከባትሪው ነው። የውሃ ባትሪ ከሆነ ሳጥኑ ወደ ውጭ መተንፈሻ ይኑረው፤ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። መተንፈሻ የሌለው የውሃ ባትሪ አልጋ ሥር አስቀምጦ የሚተኛ ሰው ሳይ እጨነቃለሁ። ቻርጀሩን ደግሞ በጠባብ ቦታ አትዝጉበት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ሳሳ ስለሚል ዕቃ እንደ ቆላው አይቀዘቅዝም።

ሶማሌ ተራም ሆነ እዚሁ ከተማ ስትገዙ ባትሪያችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በተለይ ግማሽ የወረደ ባትሪ። አስሰኩና ለኩ። ቮልቱ ቀስ እያለ ወደ 14.4 እየወጣ መሄድ አለበት። 13.8 ላይ ቆሞ ከቀረ የገዛችሁት ሌላ ኮንቨርተር ነው።

ከዚያ ከሶኬቱ ንቀሉት። አንድ ደቂቃ ጠብቁና መልሳችሁ ሰኩ፤ ምንም ቁልፍ አትንኩ። ራሱ መሙላት ከቀጠለ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ቻርጀር ግን መብራት ሄዶ ሲመጣ ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል። ሌሊት በሰባት ሰዓት መብራት ሄዶ በስምንት ቢመጣ፣ እናንተ ተኝታችኋል፤ ጠዋት ባዶ ባትሪ ይዛችሁ ወደ መንዝ ትወጣላችሁ። እንዲህ ያለውን መልሱት። ባለሱቁን ደግሞ ይህን ጠይቁት፦ ባትሪው እየተሞላ መብራትና ፓምፕ ቢበራ ይደናገራል ወይስ እንደ ኃይል ምንጭ መሥራት ይችላል? ባለሱቁ ካላወቀ ከመኪና የወጣ አንድ የፊት መብራት አምፖል ባትሪው ላይ እሰሩና እያበራችሁ እዩት። ቮልቱ ከ13 በታች ሳይወርድ ከያዘ፣ ክፈሉ።